ኤሮቢክ ሲባል

ሸዋ ሮቢት ሜዳ ዳር አንድ አሰልጣኝ ልጆቹን «ዛሬ ኤሮቢክ ነው» ሲላቸው፣ አንዱ «ሙዚቃውስ?» ብሎ ጠየቀ። አልፈረድኩበትም፤ ቃሉ ወደ እኛ የገባው ከነጭፈራው ነው። ሥሩ ግን የግሪክ ነው፤ አየርና ሕይወት። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለረቂቅ ተሕዋስያን አወጣው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ወደ ስፖርቱ አመጣው። የሚከነክነኝ «አናኤሮቢክ» «ሳይተነፍሱ መሮጥ» መባሉ ነው። ተጫዋቹማ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ጉልበት የሚያወጣው ጡንቻው ነው። ታላላቅ የእግር ኳስ ተጫዋቾች በ90 ደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ፤ አብዛኛው በኤሮቢክ፣ ማለትም በሚተነፍሱት ኦክስጅን ነው። አጥቂው ተፈትልኮ የሚወጣባት ጥቂት ሰከንድ ግን ሌላ ናት። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ቀስ ብሎ ሲወጣ እያወራ ነው፤ መኪና እንዳያመልጠው ሽቅብ ከሮጠ ግን ከቆመም በኋላ ያለከልካል። ጡንቻው ኦክስጅን ሳይጠብቅ የተበደረውን ጉልበት እየከፈለ ነው። ስለዚህ ኤሮቢኩን «የትንፋሽ ጉልበት»፣ አናኤሮቢኩን «የብድር ጉልበት» ብንላቸው እላለሁ። አሰልጣኞች ሆይ፣ እስቲ ነገ ልምምድ ላይ ሞክሯቸው።