ከንጉሥ ማኅተም እስከ ድረ ገጽ በር



ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ የምናልፋትን አዲስ ዓለምን የቆረቆሩት ዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በፊርማ ሳይሆን በራስጌው በሚመታ ማኅተም ነበር። ተቀባዩ ማኅተሙን ይለያል፤ የመታውን እጅ ግን አያይም። ስለዚህም የንጉሠ ነገሥቱን የሕመም ዓመታት ሰነዶች ሳነብ «ማን አተመው?» የሚለው ጥያቄ አይለየኝም።

የድረ ገጽ መግቢያም ይህንኑ ጥያቄ ወርሷል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. «ሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ» በተባለው የወርድፕሬስ ፕለጊን ላይ የተገኘው ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ ፕለጊኑ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። ሁለተኛውን የመግቢያ ማረጋገጫ የሚያስተናግደው ክፍል የገቢውን ቁልፍ ይመረምራል፤ ሐሰተኛ ሲሆንም «ስሕተት» ብሎ በትክክል ይመልሳል። ጠያቂው ኮድ ግን መልሱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር በመለያ ቁጥር የተጠራውን ሰው፣ አስተዳዳሪም ቢሆን፣ ያስገባል። በረኛው «አላውቀውም» እያለ በሩ ይከፈታል ማለት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመኝ፣ ቀዳዳው የተከፈተው ሁለተኛውን ማረጋገጫ ባበሩት፣ ማለትም በተጠነቀቁት ላይ መሆኑ ነው። እርማቱ በ9.1.2 እትም ወጣ።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ከዚህ ይለያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጨምሮ ብዙ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ የገቡት በገዛ ስማቸው ነበር፤ ባንኩም ያልመለሱትን በኋላ በስም ጠርቷል። በፕለጊኑ ቀዳዳ የገባ እንግዳ ግን የአስተዳዳሪውን ስም ለብሶ ነው የሚገባው፤ ውጤት ቢቀይር፣ ገጽ ቢሰርዝ፣ የመግቢያ መዝገቡ የሚመሰክረው በባለ ስሙ ላይ ነው።