ከተማን ማንቀሳቀስ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ካዛንቺስ

ለዚህ ዓመታዊ መጽሔት ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ በአዘጋጆቹ በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አንድ ድልድይ ወይም ስለ አንድ ግድብ ለመጻፍ ነበር። ሆኖም ተወልጄ ያደግሁበት የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አብዛኛው ክፍሉ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ከተዛወረ ወዲህ፣ ሐሳቤ ከአንድ ጥያቄ ሊላቀቅ አልቻለም። ይኸውም፣ አንድ ከተማ የሚጎድለው ነገር በሚኖርበት ጊዜ መንቀሳቀስ ያለበት ሰው ነው ወይስ የጎደለው ነገር? የሚለው ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ቀርቦላት ነበር።

እንደሚታወቀው፣ ጎንደርን የመሰለ የጸና ከተማ ቢኖርም፣ በአገራችን የነገሥታት መናገሻ ለረጅም ዘመን በአንድ ስፍራ ተወስኖ አልኖረም። ሠራዊቱና ተከታዩ በሰፈረበት አካባቢ እንጨቱ ሲመነምን፣ እህሉና ግጦሹ ሲያልቅ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይጓዛል። ዳግማዊ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ በኋላም ወደ እንጦጦ ተዛውረዋል። እንጦጦ ለመከላከያ የተመቸ ከፍታ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የበረታበት፣ እንጨቱም ያነሰበት ተራራ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል፣ የኋላዪቱ እቴጌ፣ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይህ ፍል ውኃ ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት ነው። መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ከተራራው ወርደው በዙሪያው ሰፈሩ።

ከዐድዋ ድል በኋላ የከተማይቱ ሕዝብ በፍጥነት በዛ። ሕዝቡ ሲበዛ እንጀራ የሚጋገርበትም፣ ቤት የሚሠራበትም እንጨት በአቅራቢያው ጠፋ። ሴቶችና አህዮች ለአንድ ሸክም እንጨት የሚሄዱት መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት ረዘመ። በዚህ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ የቀደመውን ልማድ ተከትለው በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር ቆረጡ። የተመረጠው ስፍራ ደን ያልተለየው ኤጀርሳ ሲሆን፣ አዲስ ዓለም የሚል ስም ተሰጥቶት የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተጀመረ። ስፍራውን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ መንገድም ተጠረገ፤ በአገራችን የዘመናዊ መንገድ ሥራ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ዝውውሩ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ለዚህ ሁለት ዐበይት ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው፣ ከዐድዋ በኋላ በአዲስ አበባ የከተሙት የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች በድንጋይና በኖራ ቤት መሥራት ጀምረው ስለ ነበር፣ እንደ ድንኳን ነቅለው ለመሄድ ፈቃደኞች አልነበሩም። ሁለተኛው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገር የገባው የአውስትራልያ ዛፍ ነበር። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ተመልክቶ ባሕር ዛፍ አለው። በጓሮውና በኮረብታው ላይ በተተከለ ጊዜ እንጨቱ ወደ ከተማው መጣ፤ ከተማውም ወደ እንጨቱ መሄዱን ተወው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ታሪክ ያወቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ዓመት የመጀመሪያ የሥራ ምደባዬ በአዲስ ዓለም አካባቢ ነበር። ለካዛንቺስ ልጅ ከዋና ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ መውጣት ቅጣት መስሎ ታይቶኝ እንደ ነበር አልሸሽግም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ምሽቱ ረዘመብኝ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው መኪና እሽቀዳደም ነበር። አንድ ቀን ግን አከራዬ፣ እኔ «እማማ» የምላቸው አሮጊት፣ የቡና ሲኒ እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ንጉሡስ ትተውን ሄዱ፤ አንተ ደግሞ በየቅዳሜው ትተኸን ትሄዳለህ» አሉኝ። ቀልዳቸው ከልቤ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ዕድራቸውን፣ ገበያቸውን፣ የደብሩን አጥር እየዞርሁ ተመለከትሁ። በትንሽ ከተማ ሰው የሚኖረው በሚያውቀው ሰው ብዛት መሆኑን የተማርሁት በዚያ ነው። ወደ ካዛንቺስ ስመለስም፣ እናቴ የምትኖርበት የግቢያችን አኗኗር በትልቁ ከተማ መካከል ያለ ትንሽ ከተማ መሆኑ ተገለጠልኝ።

የካዛንቺስ ታሪክ ራሱ የዝውውር ታሪክ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ያወጣው የከተማ ፕላን ኢጣልያናውያንንና ኢትዮጵያውያንን በሰፈር የሚለይ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተገፋ። በሌላው ወገን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። «ካዛ» በኢጣልያንኛ ቤት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራው ብሔራዊ ድርጅት የምኅጻረ ቃል ስም ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ስሙ በሕዝቡ አፍ ላይ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

ከነጻነት በኋላ አካባቢው ታላላቅ ሥራዎች የተሠሩበት ሆነ። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሠራ። በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ ተመሠረተ። እነዚህ ሕንጻዎች ጠባቂ፣ ምግብ አብሳይ፣ ሾፌርና ልብስ አጣቢ ይፈልጉ ነበር። የእነዚህ ሠራተኞች መኖሪያ ከቪላዎቹ ጀርባ በየጥጋጥጉ የተሠራው የጭቃ ቤት ነበር። የቤቱ ቋሚና ማገርም ያው ከተማይቱን ከመነቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወርኀዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች በቀበሌ ሥር አደረገ። ኪራዩ መቀነሱ ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት በነበረበት ስለ ቆየ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። ያለ መሠረት በአፈር ውስጥ የቆመ እንጨት ከእርጥበቱ መስመር ላይ እንደሚበሰብስ ለባልደረቦቼ ማስረዳት አያሻኝም። ጣራው ዛገ፤ ግድግዳው ዘመመ፤ አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። ስለዚህ ሰፈሩ እንደ ነበረ ይቆይ ነበር የሚል ክርክር የለኝም። በዝናብ ሌሊት ከጣራው ለሚወርደው ውኃ ሳፋ ስደቅን ያደግሁ ሰው እንዲህ ብል ውሸት ይሆናል።

የካዛንቺስ መፍረስ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሰፈሩ ከፊል ለሆቴልና ለቢሮ ሕንጻዎች ተነሥቷል። በዚያው ዘመን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተጀምሮ የመሃል ከተማ ሰው ወደ ዳርቻ መውጣቱ የተለመደ ሆነ። በመጨረሻም የኮሪደር ልማት ሥራ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ደረሰ፤ ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛወረ።

እናቴም በዚያው ዓመት ወደ ዳርቻ ተዛወረች። አዲሱ ቤቷ ቧንቧ፣ የራሱ መጸዳጃና የማያፈስ ጣራ አለው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በካዛንቺስ ሳለች ግን እንጀራ እየጋገረች በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ላሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። ዛሬ ያን እንጀራ ወደ መሃል ከተማ ለማድረስ የሚወጣው የመጓጓዣ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ዕድሯም ተበተነ፤ ዕጣው በቤተሰብ እንጂ በጉርብትና ስላልወጣ ድንኳን ተካዩ በአንድ ሳይት፣ ገንዘብ ያዡ በሌላ ሳይት ደረሳቸው። በመጀመሪያው ክረምት በአዲሱ ሕንጻ አንዲት ሴት ባረፈች ጊዜ፣ እናቴ «ማን ነበረች?» ብላ የጠየቀችው ለቅሶው ቤት ከገባች በኋላ ነው። በካዛንቺስ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም ነበር።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ በሌላ የከተማይቱ ክፍል በተሠራ መንገድ ላይ የጎርፍ መውረጃውን ነድፌ ፈርሜአለሁ። በንድፉ ላይ ከመንገዱ ወሰን ውስጥ የገቡትን ቤቶች በቁጥር አሰፈርሁ፤ የጣራቸውንም ስፋት ለጎርፍ ስሌት በካሬ ሜትር ለካሁ። በጣራው ሥር ማን ምን ሠርቶ እንደሚያድር አልጠየቅሁም፤ የሚያስጠይቀኝ ቅጽም አልነበረም።

የአዲስ ዓለም ታሪክ የሚያስተምረው ሰው ፈጽሞ አይነሣ ማለትን አይመስለኝም። እናቶቻችንና አህዮቻችን እንጨት ፍለጋ ቀን ሙሉ ሲዳክሩ ከተማውን ማንሣት ቀላሉ መልስ መስሎ ታይቶ ነበር፤ የተሻለው መልስ ግን የተገኘው የጎደለው ምን እንደ ሆነ በትክክል ሲታወቅና እርሱን ማምጣት ሲቻል ነው። በካዛንቺስ የጎደለው ጣራ፣ መጸዳጃና የውኃ መስመር ነበር፤ ሥራና ጎረቤት አልጎደለም። ጣራውን ስንሰጥ ሥራውንና ጎረቤቱን ካጎደልን ሒሳቡ አልተዘጋም።

ስለዚህ በማኅበራችን አማካይነት ሁለት ነገሮች የሥራ ልማድ እንዲሆኑ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ነዋሪ በሚያስነሣ በማናቸውም ሥራ የቅድመ ጥናቱ ሰነድ ስንት ሰው በእግሩ እየሄደ እንደሚሠራ፣ ከአዲሱ ስፍራም ወደ ሥራው ለመድረስ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈጅበት ቆጥሮ እንዲያሳይ። ሁለተኛ፣ ዕጣ በሚወጣበት ጊዜ አንድ ዕድር በአንድ ሳይት እንዲሰፍር። ሁለቱም ከሲሚንቶና ከብረት ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚጠይቁት ንድፉ ከመፈረሙ በፊት ወደ ሰፈሩ ገብቶ የሰዎቹን አኗኗር መጠየቅን ነው። እኔ በፈረምሁት ንድፍ ላይ ይህን አላደረግሁም፤ በሚቀጥለው ግን አደርገዋለሁ።