ዱካ ፍለጋ

ዱካ ፍለጋ፦ ከታመመው ሰው ሳህን ተነስቶ በምግብ ቤቱ፣ በአከፋፋዩና በአስመጪው ደረሰኝ በኩል ወደ ኋላ እስከ እርሻው መሄድ። የበሽታ መርማሪዎች ሥራ ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ሳይክሎስፖራ በተባለ ጥገኛ ተውሳክ 1,465 ሰዎች መታመማቸው ተመዘገበ። መጀመሪያ የተወነጀለው የካሊፎርኒያ ስትሮቤሪ ነበር። አምራቾቹ ከከሰሩ በኋላ ግን ዱካው ከጓቲማላ ወደገባ ራስቤሪ መራ። (እኛ ሁለቱንም እንጆሪ ስለምንል ክሱን ማንሳት ሳያስቸግረን አይቀርም ነበር።)

ዱካውን የሚያጠፋው የተውሳኩ ጠባይ ነው። ከዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ ገና አይበክልም፤ ለዚያ ለመብቃት ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውጭ መቆየት አለበት። የበላው ሰው ደግሞ የሚታመመው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ያኔ ፍሬው አልቋል፣ ማሸጊያው ተጥሏል። ባለፈው ሳምንት ሰላጣው ላይ ምን ቅጠል እንደተነሰነሰ ማን ያስታውሳል?

ለዚህ ነው ሠርግና ግብዣ ለመርማሪ ሲሳይ የሚሆኑት፤ የምግቡም የተጋባዡም ዝርዝር በእጅ አለ። እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ የታመመውም ጤነኛውም ይጠየቃል። የታመሙት በብዛት በልተውት ጤነኞቹ ያልነኩት ምግብ ይጠረጠራል፤ ደረሰኝ ማገላበጡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዱካው ሁልጊዜ አንድ እርሻ ላይ አያበቃም። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በዚሁ ተውሳክ ሳቢያ ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ ግዛት የሚገባውን የድንብላል ቅጠል ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ባለው ወቅት ድንበር ላይ ማገድ ጀመረች።