ጋሪ፣ ዛፍና አንድ የኪራይ ውል



በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ከተማ ጥቂት እናቶች ለመኪና ማቆሚያ ሊቆረጡ የነበሩ ዛፎችን ለማዳን ከአንድ ኃያል ባለሥልጣን ጋር ተጋጠሙ። ታሪኩን የሚተርኩ ሁሉ ስለ ሕፃናት ጋሪና ስለ ቡልዶዘር ያወራሉ። እኔ ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው አንድ የኪራይ ውል ላይ ነው። ወደ ውሉ ለመድረስ ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሴንትራል ፓርክ በማንሃተን መካከል የሚገኝ 843 ኤከር ስፋት ያለው የሕዝብ መናፈሻ ነው። በምዕራብ በኩል፣ 67ኛው መንገድ አካባቢ፣ በ1870 የተሠራ የበጎች በረት ነበር። በከተማው መሀል በጎች ይግጡ ነበር ማለት ነው! በ1934 አዲሱ የመናፈሻዎች ኮሚሽነር ሮበርት ሞዝስ በጎቹን ብሩክሊን ወዳለው ፕሮስፔክት ፓርክ ላካቸውና በረቱን ወደ ምግብ ቤትነት ለወጠው። ስሙም ታቨርን ኦን ዘ ግሪን ተባለ። መሬቱም ሕንፃውም የከተማው ነው፤ ነጋዴው ተከራይቶ ይሠራበታል።

ሞዝስን ክፉ ሰው ብቻ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ሥራውን ሲይዝ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፣ መናፈሻዎቹም ፈራርሰው ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሥራ ፈቶችን ቀጥሮ አሳደሳቸው። በሥልጣን ዘመኑ በከተማው ውስጥ 658 የልጆች መጫወቻ ሥፍራዎችን እንደሠራ ይነገርለታል። ድልድዮችን፣ አውራ ጎዳናዎችን፣ የመዋኛ ገንዳዎችን ሠርቷል። ጋዜጦች ለሃያ ዓመት ያህል ሲያወድሱት ኖረዋል። የኒውዮርክ እናቶችም ቢሆኑ ልጆቻቸውን ይዘው የሚውሉት እሱ ባሠራው ቦታ ነበር። ከተማውን ለመኪና ብሎ እንደገና የቀየሰው ይህ ሰው፣ በነገራችን ላይ፣ ራሱ መኪና መንዳት አያውቅም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የነዱት ሾፌሮች ናቸው።

በምግብ ቤቱ አጠገብ ግማሽ ኤከር የምትሆን፣ ዛፍ የበዛባት ዝቅ ያለች ቦታ ነበረች። የተለየ ስም የላትም፣ ሐውልት የላትም። የአካባቢው እናቶች ከሰዓት በኋላ ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጡና ትናንሽ ልጆቻቸውን እዚያ ያጫውታሉ። በ1956 የጸደይ ወቅት ቀያሾች መጥተው መሬቱን መለካት ጀመሩ። ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ንድፋቸውን እዚያው ትተውት ሄዱ። ሮዜል ዴቪስ የምትባል እናት፣ የታዋቂው ሠዓሊ የስቱዋርት ዴቪስ ሚስት፣ ንድፉን አየችው። ርዕሱ ላይ የተጻፈው የመኪና ማቆሚያ እንደሆነ አነበበች። ዛፎቹ ተነቅለው ቦታው ለ80 መኪና ሊነጠፍ ነው። መኪኖቹ የማን ናቸው ቢባል የምግብ ቤቱ ደንበኞች።

ለሕዝቡ የነገረ አልነበረም። ያ ቀያሽ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ቢከት ኖሮ እናቶቹ የሚሰሙት ምናልባት ከመጋዙ ድምፅ ነበር። እኔ በዚህ ቦታ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አንድ የመንግሥት ንድፍ የግድ በመርሳት ብቻ ነው እንዴ ለነዋሪ የሚታየው?

እናቶቹ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ሃያ ሦስት ሴቶች ፈረሙ። ለኮሚሽነሩ ጻፉ፣ ስብሰባም ጠየቁ። ሃያ ሦስት ፊርማ ለሞዝስ ምኑም አልነበረም። በዚያው ሰሞን በአንድ ፕሮጀክት በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ከቤቱ ያስነሳ ሰው ነው። ኤፕሪል 17 ቀን ቡልዶዘር መጣ። እናቶቹ ጋሪያቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። ሾፌሩ የሰው ልጅ ነውና ሞተሩን አጠፋ። የዚያን ቀን ሥራው ቆመ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 24 (በእኛ ሚያዝያ 16 ቀን 1948 ዓ.ም.)፣ ሠራተኞች ሌሊት መጥተው ቦታውን በአጥር ከለሉት። ሲነጋ እናቶቹ ሲደርሱ አጥሩ ቆሟል፣ ፖሊሶች ተደርድረዋል፣ ውስጥ ቡልዶዘሩ ሥራውን ጀምሯል። ዛፎቹ ዓይናቸው እያየ ወደቁ። እናቶች አለቀሱ፣ ልጆቻቸውም አብረው አለቀሱ። የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ግን በቦታው ነበሩ። በሚቀጥለው ቀን የከተማው ሕዝብ ያየው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ወገን ፖሊስና ብረት፣ በሌላ ወገን ጋሪ የያዘች የምታለቅስ ሴት። ለሃያ ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ጠዋት ፎቶግራፍ ተናጋ። ለከንቲባው ለሮበርት ዋግነር ደብዳቤ በሺህ እየተቆጠረ ጎረፈ። ሞዝስ ራሱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ለዕረፍት ወደ ስፔን ሄደ፤ ነገሩ ይበርዳል ብሎ ገምቶ መሆን አለበት።

አልበረደም። እናቶቹ ጠበቃ ይዘው ነበር፤ ሉዊስ ፊልድ ይባላል። ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ዳኛ ሳሙኤል ሆፍስታተርም ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ሥራው እንዲቆም የእግድ ትእዛዝ ሰጡ። እግዱ የወደቁትን ዛፎች አያቆምም። ነገር ግን ጊዜ ሰጠ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ጋዜጠኞች ከዚህ በፊት ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ ምግብ ቤት ለከተማው ስንት ይከፍላል?

ውሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተከራዩ አርኖልድ ሽላይፈር የሚባል ነጋዴ ነበር። ምግብ ቤቱ በአራት ዓመት ውስጥ 1,786,000 ዶላር ገቢ አግኝቷል። ለከተማው የደረሰው 9,000 ዶላር ነው። እስቲ አካፍሉት። ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር ሃምሳ ሳንቲም ብቻ! እንዴት እንደዚህ ሊሆን ቻለ? ውሉ ተከራዩ ለሕንፃው ማሻሻያ ያወጣውን ወጪ ከኪራዩ ላይ እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። ሒሳብ የምትሠሩ እህቶች ይህን ዓይነት አንቀጽ ታውቁታላችሁ። በወረቀት ላይ ኪራይ አለ፣ በእጅ የሚገባ ግን የለም። ማሻሻያው የሚጠቅመው ምግብ ቤቱን ነው፣ ምግብ ቤቱ ደንበኛ ያበዛል፣ ደንበኛ ሲበዛ ማቆሚያ ያንሳል፣ ማቆሚያ ሲያንስ ዛፍ ይነቀላል። ሰንሰለቱን ወደኋላ ተከትላችሁ ብትሄዱ የምትደርሱት ከዚያ አንቀጽ ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ የዛፍ ብቻ አልሆነም። ዛፍ የሚወድም የማይወድም ግብር ከፋይ ነው። ሞዝስ ሁሌም የሚኩራራው የግል ጥቅም የማይነካው ሰው በመሆኑ ነበር፤ እርግጥም በዚህ ውል ለራሱ ገንዘብ ወሰደ የሚል ማስረጃ የለም። ነገር ግን የሕዝብ ንብረት ለማን፣ በምን ዋጋ እንደሚሰጥ ብቻውን ሲወስን እንደኖረ ታየ። ጉዳዩ በችሎት ቢቀጥል ደግሞ የእሱ ሰዎች ቃለ መሐላ ፈጽመው ስለ ውሉ መጠየቃቸው አይቀርም። በጁላይ ሞዝስ እጁን ሰጠ። በዚያ ቦታ የመኪና ማቆሚያ እንደማይሠራ፣ በምትኩ የልጆች መጫወቻ እንደሚሠራ አስታወቀ። እናቶቹ አሸነፉ፤ ያጧቸውን ዛፎች ግን የመለሰላቸው የለም።

ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ጨርሼ ደስ ብሎን መለያየት እንችል ነበር። ግን አንድ ሌላ የሴቶች ትግል አለ፤ እሱን ሳልጽፍ ይህን ብቻ ብጽፍ ሒሳቡን ግማሽ አድርጌ እንደዘጋሁ እቆጥረዋለሁ።

ከዚህ ሦስት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1952፣ በብሮንክስ ኢስት ትሪሞንት በሚባል ሰፈር ለሚኖሩ ሰዎች ከሞዝስ ደብዳቤ ደረሳቸው። ክሮስ ብሮንክስ የተባለው አውራ ጎዳና በቤታቸው ላይ ስለሚያልፍ በ90 ቀን ውስጥ እንዲለቁ የሚል ነው። ለአንድ ማይል መንገድ 1,530 መኖሪያ ቤቶች ሊፈርሱ ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ሠራተኛ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹም አይሁድ ነበሩ። ሊሊያን ኤደልስታይን የምትባል የቤት እመቤት ጎረቤቶቿን አስተባበረች። አለቀሱ ብቻ አይደለም፤ መሐንዲሶች ፈልገው ሌላ መስመር አስቀየሱ። ሁለት መንገድ ብቻ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ቢል ቤቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ይተርፉ ነበር። ዋግነር ከምርጫ በፊት ከእነሱ ጋር እንደሚቆም ቃል ገባ፤ ከንቲባ ከሆነ በኋላ ቃሉን አጠፈ። ቤቶቹ ፈረሱ።

ከሁለቱ የበለጠ የተዘጋጀው የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የብሮንክሶቹ ናቸው እላለሁ። ተቀባይነት ያለው አማራጭ ንድፍ ነበራቸው፤ የተደቀነባቸውም የቤት ማጣት እንጂ የመጫወቻ ቦታ ማጣት አልነበረም። የሴንትራል ፓርኮቹ የነበራቸው ሌላ ነገር ነው። በፓርኩ ዳር የሚኖሩት ጠበቆች፣ ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ኑሯቸው የተደላደለ ሰዎች ነበሩ። ለጋዜጣ ቤት ሲደውሉ የሚያነሳላቸው ሰው አለ። ፎቶ አንሺ በማለዳ የመጣው ለዚህም ጭምር ነው። ለግማሽ ኤከር መሬት ከተማው በሙሉ ተንጫጫ፣ ለ1,530 ቤት ግን እንደዚያ የጮኸ አልነበረም። ይህን ስጽፍ የእነዚያን እናቶች ድካም ለማሳነስ አይደለም። ኤደልስታይን ግን ስሟ ከእነሱ እኩል አለመነሣቱ ያሳዝነኛል።

ሆኖም የ1956ቱ ነገር ለሌሎች በር ከፍቷል። ሞዝስ ሊሸነፍ እንደሚችል ታየ። ከዚያው ከማንሃተን በታችኛው ክፍል፣ በዋሺንግተን ስኩዌር መናፈሻ ውስጥ መንገድ ሊያሳልፍ ሲል ሸርሊ ሄይስ የምትባል የአራት ልጆች እናት ከ1952 ጀምራ ፊርማ ስታሰባስብ ነበር። ጄን ጄኮብስም ከእነሱ ጋር ተሰለፈች። የሄይስ ጥያቄ ጠባብ መንገድ ይሁን፣ ሰፊ መንገድ ይሁን የሚል አልነበረም፤ መኪና ጨርሶ አይግባ ነው። ብዙዎች ይህን ግትርነት አሉት። በ1958 መናፈሻው ለመኪና ተዘጋ።

ሞዝስ በ1960 ከመናፈሻዎች ኮሚሽነርነት ለቀቀ። ታቨርን ኦን ዘ ግሪን ባለቤት እየቀያየረ ዛሬም ይሠራል። የሴንትራል ፓርክ የውስጥ መንገዶች በጁን 2018 ለግል መኪኖች ሙሉ በሙሉ ተዘጉ። የኢስት ትሪሞንቱ አውራ ጎዳና ግን ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና ይጎርፍበታል።