የዩኒቨርሲቲ ትምህርትና የማኅበረሰብ አገልግሎት በምዕራብ ሐረርጌ

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከማስተማርና ከመመራመር ጎን ለጎን ማኅበረሰቡን የማገልገል ኃላፊነት በሕግ ተጥሎባቸዋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 አገልግሎቱን ከተቋማቱ ዓላማዎች አንዱ ያደረገ ሲሆን፣ በተከታታይ የወጡት አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ይህንኑ ይዘው ቀጥለዋል።

ሕጉ በተግባር እንዴት እንደሚተረጎም ለመገንዘብ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ጥሩ ማሳያ ነው። የዞኑ ርዕሰ ከተማ ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የበደሳ ከተማ ደግሞ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የአካባቢው አርሶ አደር ኑሮ በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በቡና፣ በጫትና በከብት ማድለብ ላይ የተመሠረተ ነው።

የአገልግሎቱ አጀማመር

ትምህርትን፣ ምርምርንና የግብርና ኤክስቴንሽንን በአንድ ተቋም ማስተሳሰር ለምሥራቁ የአገራችን ክፍል እንግዳ አይደለም። በ1944 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት መካከል በተደረገ ስምምነት የእርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ሥራውን የደገፈው የኦክላሆማ ኮሌጅ እነዚህን ሦስት ተግባራት አጣምሮ የሚሠራ ተቋም ነበር። ኮሌጁ በጅማ ትምህርት ከጀመረ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ አለማያ ተዛወረ፤ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ። በግንቦት 1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ይኸው ተቋም በ1998 ዓ.ም. ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን መጠሪያ ይዟል።

ይሁንና ኮሌጁ ሦስቱንም ተግባራት አንድ ላይ የመራበት ዘመን አጭር ነበር። የኤክስቴንሽኑ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ደግሞ አገር አቀፉ የምርምር ኃላፊነት ወደዚያ ሄደ። ክፍፍሉ ለእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት ቢሰጠውም፣ በመማሪያ ክፍሉና በአርሶ አደሩ ማሳ መካከል የነበረውን ቀጥተኛ ግንኙነት አላልቶታል።

ተማሪውን ወደ ሕዝቡ የማቅረብ ጥረት በሌሎች መንገዶችም ታይቷል። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጣኞቹን በቡድን በጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር። በ1956 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከማግኘታቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተከተለ። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጓል። ጎንደርና ጅማ አገልግሎቱን የመደበኛው ትምህርት አካል በማድረጋቸው ተማሪዎች ሲቀያየሩ ሥራው አልተቋረጠም።

በምዕራብ ሐረርጌ የተገኘው ፍሬ

በጭሮ ቀደም ሲል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ከተማዋ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲው ስሙን ያገኘው በዚሁ ዞን ከሚገኘው የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ነው። በዳሮ ለቡ ወረዳ ያለው የመቻራ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለአካባቢው ተጨማሪ አቅም ነው።

ከአለማያ ዩኒቨርሲቲ ከወጡት የድንች ዝርያዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1998 የተለቀቀው «ጭሮ» እና እ.ኤ.አ. በ2001 የተለቀቀው «በደሳ» የሁለቱ ከተሞች ስሞች ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለሐረርጌ አካባቢ ከተለቀቁት የቡና ዝርያዎችም «ቡልቱም» እና «መቻራ-1» ይጠቀሳሉ። የአለማያ ኮሌጅ ምሩቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

የእርሻው የጊዜ ሰሌዳ

የተሻለ ዝርያ ማውጣት የሥራው አጋማሽ ነው። ድንች የሚራባው በድንቹ በራሱ በመሆኑ የሚያጠወልግ በሽታና ቫይረስ ከዘሩ ጋር ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋሉ። ስለሆነም አንድ ጊዜ ዘር አድሎ መመለስ ከጥቂት ወቅቶች በኋላ ፍሬ አልባ ይሆናል። ንጹሕ የዘር ድንች የሚያባዙና ብርሃን በሚያስገባ ማከማቻ የሚያቆዩ አርሶ አደሮች በአካባቢው መኖር አለባቸው።

የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ አንዷ አረም ብቻ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ስለዚህ የሚቋቋመውን ዝርያ ከመዝራት በተጨማሪ አረሙን ሳያብብ መንቀል፣ የአፈሩን ለምነት መጠበቅና ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ በየዓመቱ ሊደገም ይገባል። የቡና ችግኝ ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል። ችግኙን ያስተከለው ተማሪ ፍሬው ሳይታይ ተመርቆ ይሄዳል።

በሕግ ረገድም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ሲሆን፣ የቀለብ ወይም የመሬት ክርክር ከአንድ መንፈቀ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ባለጉዳዩ መሐል ላይ ያለ ደጋፊ እንዳይቀር መዝገቡን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

ከዚህ የሚነሣው ዋነኛ ነጥብ አገልግሎቱ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዘመን ወይም በበጀት ዓመቱ ሳይሆን በችግሩ ዕድሜ ሊለካ የሚገባው መሆኑ ነው። የሠልጣኞች ብዛትና የተካሄዱ ዐውደ ጥናቶች ቁጥር በሪፖርት ላይ ቢሰፍርም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማሳው ላይ ምን እንደቀረ አያሳይም።

በመሆኑም የዞን፣ የወረዳና የከተማ ጽሕፈት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሲፈራረሙ ሦስት ጉዳዮችን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። የመጀመሪያው ችግሩ ከቀበሌው ነዋሪ የመነጨ መሆኑና ሥልጠናው በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ መሰጠቱ ነው። ሁለተኛው ተማሪዎች ሲመለሱ ሥራውን የሚቀጥለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ መሥራቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የየዓመቱ መረጃ በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ተመዝግቦ ለተከታዩ የተማሪዎች ቡድን መተላለፉ ነው። ይህ ሲሟላ የበደሳ አርሶ አደር በየዓመቱ አዲስ እንግዳ ከመቀበል ይድናል፤ ተማሪውም ከእርሱ በፊት የነበሩት ከደረሱበት ጀምሮ ይማራል።