ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

በፈረንጆቹ አገር የአንድ ታዋቂ ባንድ ድምፃዊ «ከእንግዲህ ለብቻዬ ነኝ» ብሎ የወጣ ዕለት ወሬው የመንግሥት ግልበጣን ያህል ያነጋግራል። በ1975 ፒተር ገብርኤል ጄነሲስ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሲለይ የሆነው ይኸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሸክላዎቹም የሚታወቁት በዚያው አቆጣጠር ነው።) ጄነሲስ ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለውን ስልት ካስፋፉት ባንዶች አንዱ ነው። አንዱ ዘፈን የሸክላውን አንድ ፊት ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው፣ ምቱ በየመሃሉ የሚለዋወጥ፣ ግጥሙም እንደ ተረት የሚተረክ ሙዚቃ ነው። በእንዲህ ያለው ሙዚቃ ውስጥ ድምፃዊው ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል እንጂ ጌታቸው አይደለም። ገብርኤል ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ የመጀመሪያውን የብቻ አልበም ሲያወጣ ርዕስ እንኳ አልሰጠውም፤ የራሱን ስም ብቻ ጻፈበት። ለዓመታት በባንድ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ቢያደርገው አይፈረድበትም። በእግሩ የተተካው ከበሮ መቺው ፊል ኮሊንስም በ1981 በተራው የብቻውን አልበም አሳተመ።

ይህን የመሰለ ታሪክ በኛ አገር ስፈልግ ነገሩን ተገልብጦ አገኘሁት። እኛ ዘንድ ድምፃዊው ከባንዱ ወጣ ማለት ያስቸግራል፤ ድሮውንም ሲቆጠር የኖረው ከባንዱ ጋር አይደለምና። ስሙ ከላይ፣ ፎቶግራፉ ከፊት ነው። ባንዱ «አጃቢ» ይባላል። አጃቢ የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ለባለሥልጣን መኪናም የምንጠቀምበት ቃል ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሳይጀምር አልቀረም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲቀመጥ ድምፃዊም፣ ባንድም፣ ገጣሚም ራሱ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኋላ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው ሲሰለፉ ደግሞ ሌላው ጫፍ መጣ፤ ብዙ መሣሪያ፣ አንድም ዘፋኝ የለ። ሁለቱ ጫፎች የተጋቡት በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በቲያትር ቤቶቹ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነው። ጋብቻው ግን እኩል አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍን ያመሸ ሕዝብ የጥላሁንን ስም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከኋላ ተቀምጦ ሳክስፎን ሲነፋ ያመሸው ወታደር ግን ወደ ካምፑ ይገባል።

ሸክላው ሲመጣም ይኸው ልማድ ቀጠለ። በ1969 አምሐ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ «አምሐ ሪከርድስ»ን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። ድፍረቱ ዛሬም ያስገርመኛል። ሰው ግን ሙዚቃ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው «የዓለማየሁን ስጠኝ» እያለ ነበር፤ «ያቀናበረውን ሰው ስጠኝ» ያለ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታትሞ ሲወጣ የማሕሙድ ድምፅ ጉድ ተባለ፤ ይገባዋልም። የጆቫኒ ሪኮን ባስና የሰላም ሥዩምን ጊታር ለይቶ በስማቸው የሚጠራ ግን ከሙዚቀኛ ወገን ካልሆነ ዛሬም ጥቂት ነው። ሁለቱም በኋላ ሮሃ ባንድ ውስጥ የስንቱን ድምፃዊ ካሴት እንደሠሩ ቤት ይቁጠረው። በቅርብ ጊዜ ከዚህ ልማድ ለመውጣት የሞከረው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን በአንድ የባንድ ስም ሥር ተሰለፉ። የሮክ ጊታርን ከኛ ቅኝት ጋር ያጋባው ያ ሥራ የሁሉ ሰው ጆሮ ባይቀበለውም፣ አድማጭ «የማን ካሴት ነው?» ሲል «የባንዱ» የሚል መልስ መስማቱ ራሱ አንድ ነገር ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ዋሊያስ ነበሩ።

ዋሊያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሰባሰቡ፣ የማንም መሥሪያ ቤት ያልሆኑ፣ የመሣሪያዎቻቸው ባለቤት ራሳቸው የሆኑ ልጆች ነበሩ። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ሙዚቀኛ ጊታሩን የሚያገኘው ከሆቴሉ ወይም ከጦር ክፍሉ ሲሆን፣ ከቀጣሪው የተጣላ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል። ዋሊያሶች ከክለብ ወደ አዲስ አበባ ሒልተን ተሻግረው ለዓመታት እዚያ ሠሩ። ኦርጋን ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎን ላይ ሞገስ ሀብቴ፣ ባስ ላይ መላከ ገብሬ፣ ፒያኖ ላይ ግርማ በየነ ነበሩ። ዘመኑ ቀይ ሽብር የነገሠበት፣ ሰዓት እላፊ የታወጀበት ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ሒልተን የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ከውጪ ጥይት፣ ከውስጥ ኦርጋን። በ1977 «ቸ በለው» የተሰኘውን አልበም በካይፋ በኩል ሲያወጡ ዘፋኝ አላስገቡም፤ እንግዳ ሆኖ የመጣው ቫይብራፎን የሚመታው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። እንግዲህ ፈረንጁ ድምፃዊ ከባንዱ ተለይቶ አልበም ባወጣበት በዚያው ዓመት፣ አዲስ አበባ ላይ ባንዱ ከድምፃዊ ተለይቶ አልበም አወጣ ማለት ነው። ቃል የሌለው ዜማ ደግሞ ሳንሱር አያስጨንቀውም። ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ያ ዓመት ብዙ ቃል የሚነገርበት ዓመት አልነበረም።

እንጦጦ ፓርክ በ2020 ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ ወደዚያ መውጣት ልማዴ ሆኗል። ባሕር ዛፉ መሃል ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጬ ሳለ አንድ ቀን ከዚያ አልበም «ሙዚቃዊ ስልት» ተከፈተ። አጠገቤ ካሉት ወጣቶች አንዱ ጭንቅላቱን በምቱ እየወዘወዘ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ጓደኛውን «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለው። ጓደኛውም «ቆይ፣ ይገባል» አለው። ሁለቱም ጠበቁ። ዜማው አለቀ፤ ዘፋኙ አልገባም። ከዚያ ኮረብታ ቁልቁል ሲታይ ሒልተን በአዳዲሶቹ ፎቆች መሃል ጠፍቶ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ ግን ያን ዕለት የሳበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዘፋኝ የሌለበትን የዚያን ዜማ ደራሲ የማውቀው ዘፋኝ መሆኑን ነው። ግርማ በየነ ነው።

ግርማ ፒያኖን ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። በራስ ባንድ ዘፍኗል። ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር የሁለቱን ስም አጋጥሞ የሚጠራ «ዓለም ግርማ» የተባለ ባንድ ነበራቸው፤ የድምፃዊና የሙዚቀኛ ስም እኩል የቆመበት እንዲህ ያለ ነገር በኛ አገር ሲያጋጥም ብርቅ ነው። ለሌሎች ያቀናበራቸው ዘፈኖች ከ60 ይበልጣሉ። በገዛ ድምፁ በሸክላ ያስቀረው ግን በዚያ ዘመን 4 ዘፈን ብቻ ነው። ድምፁ ጩኸት የማያውቅ፣ ጠጋ ብሎ የሚያወራ ዓይነት ነው። ከነዚያ አራት አንዱን ሰምቶ «ሌላስ የለውም?» ያላለ ሰው አላጋጠመኝም። የሌላውን ጉሮሮ ሲያሳምር የራሱን ረሳ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ጉዞው ሲያልቅ ገሚሱ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ ቀሩ። ባንዱም በዚያው ተበተነ። የመለያየት መግለጫ የለ፣ የጋዜጣ ሐሜት የለ። የአውሮፕላን ቲኬት ነው የለያያቸው።

ኃይሉ በ1985 ዋሺንግተን ውስጥ በአንድ ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን አኮርዲዮን፣ ዘመን አመጣሽ ኪቦርዶችንና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን ተቀመጠ። ባንዱን ሁሉ በሁለት እጁ ሠራው። ባንድ አጥቶ ባንድ የሆነ ሰው ሥራ ስለሆነ ካሴቱን በሰማሁ ቁጥር አንድ ዓይነት የብቸኝነት ስሜት ያድርብኛል፤ ዜማው ደግሞ ሸሞንሟና ነው። በኋላ ኃይሉ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ያስቀምጥና ተራ ሲጠብቅ ያወጣዋል። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ።

የግርማ ዝምታ ግን ይብሳል። ሙዚቃን ተወና ነዳጅ ማደያ ሠራ፤ የሰው መኪና ሲሞላ ዓመታት አለፉ። በዚያው ጊዜ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ የድሮ ሸክላዎቻችንን በሲዲ እያሳተመ ለዓለም ያሰማ ነበርና፣ የግርማ ዜማና ቅንብር ባለቤቱ በሌለበት አውሮፓን ዞረ። ዜማው ያን ያህል ሲሰማ ሠሪው ነዳጅ እየቀዳ መሆኑን የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? እዚህም ቢሆን ያን ያህል የጠየቀ አልነበረም። ዘፋኙ ሲጠፋ እንደነግጣለን፤ አቀናባሪው ሲጠፋ ግን ዘፈኑ ስላልጠፋ ልብ አንለውም።

በ2017 መጀመሪያ የኢትዮፒክስ 30ኛ ቅጽ ወጣ። የግርማ በየነ የራሱ አልበም ነው፤ ርዕሱ «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐዝ»፣ በኛ ቋንቋ «ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት» እንደማለት። አብረውት የተጫወቱት የፓሪስ ልጆች ናቸው፤ የባንዳቸውን ስም «አካሌ ውቤ» ያሉት ከጌታቸው መኩሪያ ዜማ ወስደው ነው። የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን የአዲስ አበባ ድምፅ እያንዳንዱን ነጥብ በጆሯቸው ለቅመው የተማሩ ናቸው። ግርማ ከአርባ ዓመት በላይ ያለፋቸውን ዘፈኖች ከነሱ ጋር እንደገና ዘፈነ። ድምፁ ወርዷል፣ ሻክሯልም፤ ለኔ ግን ከሸክላው ይልቅ ይኸኛው ይበልጥብኛል። ወጣቱ ግርማ ቆንጆ አድርጎ ለመዝፈን ይጠነቀቅ ነበር፤ ሽማግሌው ለዚያ ግድ የለውም። ሽፋኑ ላይ ሁለቱም ስም አለ፤ ግርማ በየነ እና አካሌ ውቤ። ሲዲውን ስከፍተው በመጀመሪያ የሚሰማኝ ጥሩምባው፣ ሳክስፎኑ፣ ባሱ ነው። ግርማ ለመግባት አይቸኩልም፤ እነሱ ነገራቸውን እስኪናገሩ ዝም ብሎ ይጠብቃል።