«ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅና የታሪክ ትምህርት
ከካምፓላ የምናገኘው ልምድ

«ያለፈውን ማወቅ ለነገ ምን ይረባናል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቹ ያልቀረበለት የታሪክ መምህር ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ «ካለፈው ስሕተት ለመማር ነው» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ተማሪው ከስሕተቱ የሚማረው በምን ዘዴ እንደሆነ አያሳይም። በዚህ ጽሑፍ ለመምህራንና ለተማሪዎች የምናቀርበው አንዱን ዘዴ ነው። ይኸውም ተማሪዎች በቡድን ሆነው በአንድ አገር ወይም ከተማ ደኅንነት ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ አስቀድመው በሐሳብ እየሣሉ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስኑበት የጥናት ሥራ ነው። ለምሳሌነት የመረጥናት ከተማ የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ናት። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዘዴው አመጣጥ

ዘዴው በውጭ አገር ሴናርዮ ይባላል። ቃሉ ከቴአትርና ከሲኒማ ሙያ የተወሰደ ሲሆን የአንድ ድርጊት አካሄድ በቅደም ተከተል የሚሠፍርበት ንድፍ ማለት ነው። በ1950ዎቹ ራንድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው ሄርማን ካን የኑክሊየር ጦርነት ቢነሣ ሊከተል የሚችለውን ሁኔታ ለማሰብ ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፒየር ዋክ የሚመራው የሼል ኩባንያ የጥናት ቡድን «የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት ቢንርስ?» የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ስለነበር፣ በ1973 ዋጋው በእርግጥ ሲያሻቅብ ኩባንያው ከሌሎች በተሻለ ተዘጋጅቶ ተገኘ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላም ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ዘገባ ከጉድለቶቹ አንዱ አስቀድሞ በሐሳብ የመሣል ጉድለት እንደነበረ ገልጿል።

በአገራችንም በ2019 የተለያየ የፖለቲካ አመለካከት ያላቸው 50 ያህል ሰዎች «ደስቲኒ ኢትዮጵያ» በተባለው እንቅስቃሴ ተሰባስበው ኢትዮጵያ በ2040 ልትደርስበት የምትችለውን ሁኔታ በአራት ትረካዎች አቅርበዋል። ከአራቱ አንዱ «የፉክክር ቤት» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ «የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል» ከሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተወሰደ ነው። ቤቱ ሳይዘጋ የሚያድረው ሌባ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ አይደለም። ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ «ሌላው ይዝጋው» እያለ ይተኛል። ይህን አባባል እያስታወስን ወደ ካምፓላ እንለፍ።

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.

ኡጋንዳ በአፍሪካ ኅብረት የሰላም ማስከበር ተልእኮ ሥር ጦሯን ወደ ሞቃዲሾ የላከችው በማርች 2007 ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቡሩንዲ ጦር ተከተለ። አልሸባብ የተባለው ታጣቂ ቡድንም ሁለቱን አገሮች እንደሚበቀል በተደጋጋሚ ዛተ። ዛቻው በምሥጢር የተላለፈ ሳይሆን በዜና ማሠራጫዎች የተነገረ ነበር።

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. (ጁላይ 11 ቀን 2010) እሑድ ምሽት በደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ በስፔይንና በኔዘርላንድ መካከል ይካሄድ ነበር። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር የተደረገ በመሆኑ በካምፓላም ሕዝቡ ጨዋታውን ለማየት ቴሌቪዥን ባለበት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። በግጥሚያው የእረፍት ጊዜ ገደማ ካባላጋላ በተባለው ሠፈር በሚገኘው «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ምግብ ቤት ፈንጂ ፈነዳ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ ብዙ ሕዝብ በትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጦ በነበረበት በክያዶንዶ የራግቢ ክበብ ሁለት ፈንጂዎች ተከታትለው ፈነዱ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኡጋንዳውያን ሲሆኑ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡም ነበሩባቸው። ኃላፊነቱን አልሸባብ ወሰደ። በማኪንዴ ሠፈር በሚገኝ አንድ የዳንስ ቤትም ሳይፈነዳ የቀረ ፈንጂ ተገኘ።

እንግዲህ ከዚያ ምሽት በፊት ሦስት ነገሮች ተለይተው የታወቁ ነበሩ። አንደኛ፣ ዛቻ መኖሩ። ሁለተኛ፣ የግጥሚያው ቀንና ሰዓት፤ ይህ ከብዙ ወራት በፊት ለዓለም ሁሉ የተነገረ ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ሰዓት ሕዝቡ በየትኞቹ ቦታዎች እንደሚሰበሰብ፤ ይህንንም የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የሴናርዮ ሥራ ማለት በየፊናቸው የታወቁትን እነዚህን ሦስት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ «አብረው ቢገጥሙስ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም «በዚያ ምሽት በሩ ላይ የሚቆመው ማን ነው?» የሚለውን መወሰን ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ለታሪክ ተማሪ የተለየ ትርጉም አለው። አንድ ነገር ከሆነ በኋላ መሆኑ ሁልጊዜ ግልጽ መስሎ ይታያል። ሳይፈጸሙ የቀሩ ዛቻዎች፣ በሰላም ያለፉ ስብሰባዎች ግን በታሪክ መጻሕፍት አይመዘገቡም። ስለሆነም ተማሪው ያለፉትን ሰዎች «እንዴት ይህን አላዩም?» ብሎ ለመውቀስ ከተነሣ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ «በዚያን ዕለት ጧት እኔ ብሆን፣ በእጄ ባለው ዕውቀት ምን ላደርግ እችል ነበር?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሰዎችን የሚመለከት ነው። ከፍንዳታው በኋላ በካምፓላ፣ በተለይም በኪሴንዪ ሠፈር የሚኖሩ ሶማሌዎች ጎረቤቶቻቸው እንዳይበቀሏቸው ሠግተው ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ለፍርድ የቀረቡት 13 ተከሳሾች የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ዜጎች ነበሩ። በሜይ 2016 ከእነዚህ መካከል 7ቱ በሽብርተኝነት ጥፋተኛ ተብለው አምስቱ ዕድሜ ልክ፣ ሁለቱ 50 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። «ጠላቱ ማን ነው?» ብሎ ከአንድ ጎሣ ወይም ከአንድ ሃይማኖት የሚነሣ ጥናት ንጹሑን ጎረቤት ይበድላል፤ አደጋውንም ሳያይ ያልፋል። «ሕዝቡ የት ይሰበሰባል? በምን ይወጣል? ማን ይረዳዋል?» ብሎ የሚነሣ ጥናት ግን ማንንም ሳይበድል ሁሉንም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ልምምድን ይመለከታል። በኤፕሪል 2015 በኬንያ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 148 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በናይሮቢ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የጥቃት ልምምድ አደረገ። ልምምድ መሆኑን ያላወቁ ተማሪዎችና ሠራተኞች የእውነት መስሏቸው ከፎቅ ዘለሉ። አንዲት ሠራተኛ ሞተች፤ በርካቶች ቆሰሉ። ሰውን ለማዳን የታሰበው ዝግጅት ራሱ ሰው ገደለ። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚደረግ ማንኛውም ልምምድ አስቀድሞ ለሁሉም መነገር አለበት።

ጥያቄው ተግባር ሲከተለው

«ቢሆንስ?» ማለት ብቻውን ከአደጋ እንደማያድን፣ ተግባር ሲከተለው ግን እንደሚያድን ከዚያችው ከኡጋንዳ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። የአገር ደኅንነት የሚናጋው በጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በወረርሽኝም ጭምር መሆኑ ይታወቃል። በ2000 በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ አካባቢ የተነሣው የኢቦላ በሽታ 425 ሰዎችን ይዞ 224ቱን ገደለ። የላቾር ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ዶክተር ማቲው ሉክዊያ ሕሙማኑን ለይቶ ማስታመም ከጀመሩት ቀዳሚው ሲሆን፣ በመጨረሻ ራሱም በበሽታው ሞተ።

ይህ ታሪክ ተጽፎ አልቀረም። በኦገስት 2018 በኮንጎ ምሥራቃዊ ክፍል ኢቦላ መግባቱ ሲታወጅ ኡጋንዳ «ድንበሩን ቢሻገርስ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያም መግቢያ በሮች ላይ ምርመራ አቋቋመች፤ ከኖቬምበር ጀምሮም 4,700 ለሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ክትባት ተሰጠ። በጁን 2019 በሽታው ድንበር ተሻግሮ ካሴሴ በገባ ጊዜ የተያዙት ከኮንጎ የመጡ የአንድ ቤተሰብ 3 ሰዎች ነበሩ፤ በኡጋንዳ ውስጥ ወደ ሌላ ሰው አልተላለፈም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህን ነው።

ሆኖም ዝግጅት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። በ2022 በሙቤንዴ የተነሣው ኢቦላ የተለየ ዓይነት በመሆኑ ያ ክትባት አልሠራለትም፤ በምርመራ ከተረጋገጡት 142 ሕሙማን 55ቱ ሞቱ። ትናንት የተዘጋጀነው ለትናንቱ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው በየጊዜው መታደስ አለበት።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራ?

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከዕጩ መምህራን ጋር ይህን ዘዴ ሞክረነዋል። አምስት አምስት ሆነው በቡድን ተከፋፈሉና «የወላጆች በዓል በሚከበርበት ቀን በአዳራሹ አደጋ ቢደርስ» የሚል ርእስ ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን ያመጣው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ተኩል ነበር። ሦስቱ ገጾች ስለ ጠላት ማንነትና ተንኮል የተጻፉ ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር። «የአዳራሹ የኋላ በር ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?» ብለን ስንጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። ሄደው አዩ። በሩ ተቆልፎ ከበስተጀርባው አሮጌ ወንበሮች ተከምረውበታል። ዘበኛው ቁልፉ ጽሕፈት ቤት ነው አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዘበኛው ዘንድ ነው አለ። የፉክክር ቤት ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን አካሄድ ለመምህራን እናቀርባለን። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቡድን እንደ ካምፓላው ያለ አንድ እውነተኛ ታሪክ ያጥና፤ ከድርጊቱ በፊት የታወቀውን ከድርጊቱ በኋላ ከታወቀው ለይቶ በሁለት ዓምድ ይጻፍ። ቀጥሎ በአካባቢው ሊደርሱ ከሚችሉት አደጋዎች፣ ማለትም ከእሳት፣ ከጎርፍ፣ ከወረርሽኝ፣ ከመጨናነቅ አንዱን መርጦ ሦስት ትረካዎች ያዘጋጅ፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ከባድ ይሁን። ከዚያም በሦስቱም ትረካዎች የሚጠቅመውን ተግባር ለይቶ የሚሠራውን ሰው ኃላፊነትና የሚሠራበትን ቀን ይመዝግብ። በመጨረሻ ሌላው ቡድን ጽሑፉን አንብቦ ጉድለቱን ይንገረው። ነጥብ የሚሰጠው አስፈሪ ታሪክ ለጻፈ ሳይሆን ሊሠራ የሚችል ነገር ላመለከተ ነው።

ይህን የሠራ ተማሪ «ያለፈውን ማወቅ ለነገ ምን ይረባል?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም። የእኛ ዕጩ መምህራን ወንበሮቹን አንሥተው የኋላውን በር አስከፈቱ፤ የቁልፉንም ቅጂ አስቀርጸው አንዱን ለዘበኛው፣ አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ ሰጡ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጣው ቡድን የመጀመሪያ ሥራው ቁልፎቹ አሁንም በቦታቸው መኖራቸውን ማረጋገጥ ሆኗል።